ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ በቆልቱና ስለ ሙዳዩ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን አልፎ አልፎ ይይዘዋል እንጂ ጤናው ጥሩ ነው። ወንድምሽ ፈተና ደርሶበት ሲያነብ ያመሻል። ፋሲካም በሰላም አለፈ።

በየእሑዱ በስልክ እናወራለን። ግን ስልክ ላይ አንቺም ትቸኩያለሽ፣ እኔም ልለው ያሰብኩት ይጠፋኛል። ስለዚህ ይኼን ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ።

ነገሩ የገና ዕለት ነው። ከዋዜማው ጀምሮ ሽንኩርት ሳቁላላ ነበር። ዶሮዋን አሥራ ሁለት ቦታ ቆራርጬ፣ በሎሚና በጨው ደጋግሜ አጥቤ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ልጄ ከእጄ ልትበላ ነው እያልኩ ነው የሠራሁት። መሶቡ ቀርቦ ሁሉም እጁን ሲዘረጋ አንቺ ከኩሽና በሳህን ካሮት፣ አቮካዶና ቲማቲም ይዘሽ መጣሽ። «እማዬ፣ እኔ እሳት የነካው ነገር መብላት ትቻለሁ፤ ስድስት ወር ሆነኝ» አልሽኝ። እኔም በዘመድ ፊት «ፍየል ነው እንዴ የወለድኩት?» አልኩሽ። ምንም አልመለስሽልኝም። አንገትሽን ደፍተሽ ካሮትሽን በላሽ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ይቅር በይኝ።

ማታ አልጋሽ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስጠይቅሽ የነገርሽኝን አልረሳሁም። ሜሪላንድ ውስጥ ከሥራ ስትመለሺ የምትበዪው ሁሉ ከካርቶን የሚወጣ እንደነበር፣ ማን እንደሠራው፣ ምን እንደገባበት ሳታውቂ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከትተሽ እንደምትበዪ። አንድ ቀን ሰለቸሽ። ከዚያ ከ48 ዲግሪ በላይ ያልሞቀ ምግብ ብቻ መብላት ጀመርሽ። ሳሙናሽን ራስሽ ትሠሪያለሽ፤ ሹራብሽን ራስሽ ትሠሪያለሽ። ያን ሌሊት አዳመጥኩሽ እንጂ አልገባኝም ነበር።

ከሄድሽ በኋላ ሁዳዴ ገባ። እንግዲያው ልጄ የምታደርገውን እኔም ልሞክረው አልኩ። ከ55ቱ ቀን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ጦሙን የምፈታው ባልበሰለ ነገር ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ግማሽ በግማሽ አደረግሁት።

መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር እስክሪብቶ ይዤ፣ ከጦም ምግባችን ውስጥ ጥሬው የትኛው ነው ብዬ መጻፍ ነበር። ተልባው ተቆልቶ ነው የሚወቀጠው። ሱፉ ይቀቀላል። በሶው የተቆላ ገብስ ነው። ሽሮው፣ ክኩ፣ እንጀራው ሁሉም እሳት አይቷል። ወረቀቱ ላይ የቀረልኝ ስንግ ቃሪያ፣ ሰናፍጭ፣ ቲማቲም፣ ሰላጣና ፍራፍሬ ነበር። አባትሽ «ቁርጥስ?» አለኝ። ጦም ላይ መሆናችንን አስታወስኩት። ቁርጥ ሲያምረው ኮሶም እንደሚያስታውስ ታውቂያለሽ። ያ የቆየ ጉዳያችን ስለሆነ እዚህ አላነሳውም።

ከዚያ እሸት ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ በጥቅምትና በኅዳር ከትምህርት ቤት ስንመለስ የሽምብራ እሸት ከነሥሩ ነቅለን፣ እየፈለፈልን እንበላ ነበር። የሽምብራ ቅጠልና ቆቡ ላይ ኮምጣጣ ነገር አለ። ከንፈር ይቆነጥጣል፣ ጣት ላይም ይቀራል። ቤት ስገባ አያትሽ ጣቴን አሽትታ የት እንደዋልኩ ታውቅ ነበር። አንቺ እዚያ በመጽሐፍ ያገኘሽውን እኛ በማሳ ዳር ስንበላው ኖረናል ማለት ነው። ይኼን ሳስብ ቁጣዬ ሁሉ ወጣልኝ።

እሸት በዚህ ወቅት ስለሌለ በቆልት ሠራሁ። አሠራሩን ልንገርሽ፤ አንቺ የምትገዢው በላስቲክ የታሸገው ነው አሉ። ድፍን ምስር ለቅመሽ ታጥቢያለሽ። ማታ ትዘፈዝፊዋለሽ። ጠዋት ውሃውን ታጠልያለሽና ወንፊት ላይ አስጥተሽ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ትሸፍኚዋለሽ። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ነው። በሁለተኛው ቀን ጨርቁን ስገልጠው ከያንዳንዷ ምስር ነጭ ጫፍ ብቅ ብላለች፤ እንደ መርፌ ጫፍ ቀጭን። በሦስተኛው ቀን የጥፍር ያህል ሆነች። ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ፣ ለስንት ተማሪ ባቄላ በጥጥ ላይ አብቅዬ አሳይቼ፣ ለራሴ እራት ግን አብቅዬ አላውቅም ነበር። ሎሚ፣ የተከተፈ ቃሪያ፣ ቀይ ሽንኩርትና ትንሽ ሰናፍጭ አደረግሁበት። አፍ ውስጥ ይንኮሻኮሻል፣ አዲስ የተቆረጠ ሣር ይሸታል። ወደድኩት።

አሁን ደግሞ እንደ እናት ብቻ ሳይሆን እንደ ባዮሎጂ አስተማሪ ልናገር። ጥሬ ነገር ጥቅም አለው። ቫይታሚን ሲ በሙቀትና በውሃ ይጠፋል፤ ያልበሰለ ቃሪያና ብርቱካን ያንን ይሰጡሻል። ግን እሳትም ጠላት አይደለም። የካሮቱ ቀለምና የቲማቲሙ ቀይ ነገር ሲበስል ነው ለሰውነት በደንብ የሚደርሰው፤ ዘይት ካገኘ ደግሞ ይበልጥ። ቁሌት የሚሠሩት እናቶቻችን ይኼን ሳያነቡ አድርገውታል።

በቆልት በሚበቅልበት ሙቀትና እርጥበት ጀርምም ይበቅላል። በ2011 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ከ3,800 በላይ ሰዎች ታመው ከ50 በላይ ሞቱ። ምንጩ ሲፈለግ የአብሽ በቆልት ሆኖ ተገኘ። አዎ፣ የእኛው አብሽ። እህሉ ከመብቀሉ በፊት ተበክሎ ከሆነ ሰላጣው ላይ እጅሽን ብትታጠቢ አይጠቅምም። ስለዚህ እኔ ከመብላቴ በፊት በሚፈላ ውሃ ውስጥ ነከር አድርጌ አወጣዋለሁ። ሕግሽን እንደሚያፈርስ አውቃለሁ። ግን እባክሽ አድርጊው።

ቦሎቄን ደግሞ በፍጹም በጥሬው እንዳትሞክሪው። በተለይ ቀዩ ውስጥ ያለው መርዝ ከአራት አምስት ፍሬ ጀምሮ ሆድ ገልብጦ ያስመልሳል። በደንብ ሲንተከተክ ነው የሚጠፋው። ሳይፈላ በዝቅተኛ ሙቀት ማብሰል ጭራሽ ያባብሰዋል።

እዚህ ቅጠል ሳጥብ ስንት ሰዓት እንደፈጀብኝ ልነግርሽ አልችልም። አዲስ አበባ የምንበላው ሰላጣና ቆስጣ ከፊሉ በወንዝ ዳር ይበቅላል፤ ወንዞቻችን ደግሞ የከተማውን ፍሳሽ ተሸክመው ነው የሚሄዱት። ሰው ሁሉ ኮምጣጤ ውስጥ ነክሬዋለሁ ብሎ ይተማመናል። ኮምጣጤ ጀርም ይቀንሳል እንጂ ለወስፋት እንቁላል አይበቃም። ቅጠል በቅጠል በሚፈስ ውሃ ማሸት ነው። የሚላጠውን መላጥ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሆዴን ሲያመኝ ቅጠሉን ትቼ የሚላጥ ነገር ብቻ መብላት ጀመርኩ።

ሌላው ቢ12 ነው። ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ሙሉ በሙሉ ከተውሽ በእንክብል መውሰድ አለብሽ፤ ከቅጠል አይገኝም። ጉድለቱ ቶሎ አይታወቅም፤ ዓመታት ቆይቶ በደምና በነርቭ ላይ ይመጣል። አየር ማረፊያ ሳቅፍሽ የትከሻሽ አጥንት እጄን ወጋኝ። ያን ቀን ምንም አላልኩም። በ1999 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ከ500 በላይ ጥሬ ተመጋቢዎች ላይ በታተመ ጥናት፣ ከ45 ዓመት በታች ከሆኑት ሴቶች 30 ከመቶ ያህሉ የወር አበባቸው በከፊል ወይም ጨርሶ ተቋርጦ ነበር። ኪሎ በቀነሰ ቁጥር ነገሩ ይብስ ነበር። ልጄ፣ ስለዚህ ነገር ለኔ መናገር ካፈርሽ ለሐኪም ንገሪ። ደምሽንም ተመርመሪ። ይኼን ሳታደርጊ እንዳትቀሪ።

ወደ ደስ የሚለው ልመለስ። ስለ ሳሙናሽ ስትነግሪኝ እንዶድ ትዝ ብሎኝ ነበር። አያትሽ ነጠላ የምታጥበው በእንዶድ ነው። ፍሬውን ወቅጣ ከውሃ ጋር ስታሸው አረፋው እስከ ክንዷ ይደርሳል፤ ልብሱም ይነጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ይኼን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እነግራቸው ነበር። ከልብስ አጣቢ ሴቶች እጅ ስንት ነገር እንደሚወጣ ለማሳየት። ለአፍ እንደማይሆን ግን ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ።

አንቺ ሹራብ እንደምትሠሪ ሳውቅ እኔም እጄን ፈታሁ። የአያትሽን ወስፌ ከሣጥን ሥር አወጣሁት። እጀታው ቀንድ ነው፤ የአውራ ጣቷ ቦታ ተሞርዶ ጎድጉዷል። የስፌት ሣሮቹን፣ ስንደዶና አክርማ፣ ከመርካቶ አስመጣሁ። ሙዳይ ልሠራልሽ ነው።

ስፌት መነሻው ነው የሚያስቸግረው። ስንደዶው እንዳይሰበር ውሃ አጠጥቼ አለሰለስኩት። ጥቂቱን ጠቅልዬ እንደ ሳንቲም ክብ አደረግሁና በወስፌ ወግቼ አክርማውን አሾልኬ ሳብኩ። ከዚያ ዙር በዙር ነው። ከላላ ክፍተት ይሆናል። በጣም ከጠበቀ ጠርዙ ይነሳል። ሰባት ዙር ከሄድኩ በኋላ መቀመጫው እንደ ቆብ ተነሳብኝ። ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ይንገዳገዳል። አንድ ቀን ሙሉ አየሁት፣ ከዚያ እስከ መነሻው ፈታሁት። ሁለተኛው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

በመጀመሪያው ሳምንት ብቻዬን ነበርኩ። ከዚያ ጎረቤታችን ቡና ልትጠጣ መጥታ አየችኝና «እኔም እኮ ልጅ ሆኜ እሰፋ ነበር» አለች። በማግስቱ የራሷን ስንደዶ ይዛ መጣች። ሦስተኛዋ ከልጇ ጋር መጣች። ልጅቷ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ስልኳን ከጎኗ አስቀምጣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳታነሳው ሰፋች። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አምስት ሴቶች ነን። በቆልቱንም አስቀመስኳቸው። አንዷ በሽንብራ ሞክራው ከእኔ የተሻለ አወጣች።

ይኼን የምነግርሽ አንድ ነገር ስላሳሰበኝ ነው። ባለፈው ወር በስልክ፣ ከሥራ ጓደኞችሽ ጋር ምሳ መብላት እንዳቆምሽ ነገርሽኝ። ፋሲካ ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት ዘመዶቻችን ሲጠሩሽም የምበላው የለም ብለሽ ቀረሽ። ጥሬ መብላትሽ አሁን አያስቆጣኝም፤ ሞክሬዋለሁ፣ ጣዕሙንም አውቄዋለሁ። ብቻሽን መብላትሽ ግን እንቅልፍ ይነሳኛል። ስትወለጂ ጀምሮ ጉርሻ የለመድሽ ልጅ ነሽ። ጠዋትና ቀን እንደፈለግሽ በጥሬው ብዪ። ማታ ግን በሳምንት ሁለቴም ቢሆን ከሰው ጋር ቁጭ በዪ። ስትጠሪ በቆልትሽንና ሰላጣሽን ሠርተሽ ሂጂና ከወጡ ጎን መሶቡ ላይ አስቀምጪው። እነሱ ከአንቺ ይቅመሱ። አንቺም ከምስሩ ትንሽ ብትጎርሺ ደስ ይለኛል። እኔም ቀጣዩን ገና ዶሮ ወጡ ጎን የአንቺን ሳህን አዘጋጅቼ እጠብቅሻለሁ፤ ካሮቱን ራሴ እፈቀፍቀዋለሁ።

የአባትሽ ጓደኛ ባለቤት ግንቦት 20 ወደ ዋሽንግተን ትበራለች። ሙዳዩን በእሷ እልክልሻለሁ። ለአንቺም አዲስ ወስፌ ገዝቻለሁ፤ ሹል ስለሆነ በእጅ ቦርሳ አያሳልፉትም፣ በሻንጣ አድርጊው ብያታለሁ። የተፈጨ ሰናፍጭም አለበት።

ክዳኑን ገና አልጀመርኩትም፤ ቀለሙን አንቺ እንድትመርጪ ብዬ ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ አለላ፣ ቀለም የተነከረ አክርማ ማለቴ ነው፣ አለኝ። የቱ እንደሚሆንልሽ እሑድ ስንደዋወል ንገሪኝ። እስከዚያ አክርማውን እርጥብ ጨርቅ ውስጥ አቆየዋለሁ።

የምትወድሽ እናትሽ