ከጎንደር የተላከ የምስጋናና የይቅርታ መልእክት

ይድረስ በሕመሜ ዘመን በጸሎት፣ በገንዘብና በጉልበት ከጎኔ ለቆማችሁ ሁሉ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ለዚህ ቀን ያደረሰኝ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን። ያሳለፍሁትን አብዛኞቻችሁ በዓይናችሁ አይታችኋል፤ የኩላሊት እጥበት በሚደረግልኝ ቀን ሁሉ አራት አራት ሰዓት ከማሽኑ ጋር ታስሬ ስተኛ እየተፈራረቃችሁ ያስታመማችሁኝ እናንተ ናችሁና ታሪኩን መልሼ አልዘረዝርም። ብዕር ያነሣሁት ስለ እህቴ ለመናገር ነው። ስሟን እንዳልጽፍ አጥብቃ ስለ ከለከለችኝ እህቴ ብዬ ብቻ እጠራታለሁ፤ ቅዳሜ ገበያ ከእርሷ ዘንድ በርበሬና ሽሮ የምትሸምቱ ግን ማን እንደ ሆነች ታውቃላችሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ፤ እርሷ ያደረገችልኝ በሙሉ የሚገባችሁ ይህን ስታውቁ ነው። ኩላሊት ልገዛ ነበር። ሐኪሞቼ ንቅለ ተከላ እንደሚያስፈልገኝ፣ ሕክምናውም በአገራችን በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እንደ ተጀመረና ኩላሊቱ የሚገኘው በሕይወት ካለ ዘመድ በስጦታ እንደ ሆነ ነግረውኛል። እኔ ግን ሦስት ልጆች የምታሳድግ ታናሽ እህቴን በእኔ ምክንያት ቀዶ ሕክምና ክፍል ከማስገባት ሞቴ ይሻላል ብዬ ደበቅኋት። በዚህ መካከል ውጭ አገር ወስዶ ሁሉን የሚያስጨርስ ደላላ አለ ተባልሁ፤ ደላላውም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አራዳ ካለ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ወጣት ይዞልኝ መጣ።

ያ ወጣት ከዓይኔ አይጠፋም። የደም ዓይነቱ የተጻፈበትን ወረቀት በፌስታል ጠቅልሎ ይዞት ኖሮ ከደረት ኪሱ አወጣና በሁለት እጁ አቀረበልኝ። በቆየንበት ጊዜ ሁሉ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከዚያ በኋላ ሸክም መሸከም እችላለሁ?» አለ። ደላላው ከአፉ ነጥቆ «ምን ችግር አለው!» ሲል እኔ፣ አስተማሪው ሰው፣ ዝም አልሁ።

ያን ዕለት ማታ አንድ ወዳጄ ሊያበረታኝ ብዙ ተናገረ። በኢራን ኩላሊት በገንዘብ መስጠት በሕግ እንደ ተፈቀደ፣ እኔ እምቢ ብል ወጣቱ ከድህነቱ እንደማይወጣ፣ እርሱ ገንዘብ እኔ ደግሞ ሕይወት ብናገኝ ማን እንደሚጎዳ ጠየቀኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ዛሬም ቀላል ነው አልልም፤ የቸገረውንና ገዝቶ የዳነውን ሰውም ለመኮነን አልደፍርም። ነገር ግን ድህነቱን ያነሣልኝ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይዘነጋል፤ ያ ልጅ እፊቴ የተቀመጠው በድህነቱ ምክንያት ብቻ ነው። ቢያመው የሚያክመው፣ ቢጸጸት የሚያደምጠው፣ ከዋጋው ላይ ደላላው የሚቆርሰውን የሚያስመልስለት አንድም ሰው አልነበረውም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው፣ በሰው የመነገድን ወንጀል የሚመለከተው አዋጅ የሰውን የአካል ክፍል ማውጣትን ከብዝበዛ የቆጠረው በከንቱ እንዳልሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

እህቴ ወሬውን ከሰው ሰማች። ሱቋን ዘግታ፣ የበርበሬው ሽታ ከልብሷ ሳይለቅ መጥታ ከአልጋዬ ጫፍ ተቀመጠችና «ወንድምዓለም፣ እኔን ሳትጠይቀኝ ሰው ልትገዛ ነው?» አለችኝ። ኩላሊት አላለችም፤ ሰው ነው ያለችው። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስሁ። ይህን እየጻፍሁም እንባዬ እየቀደመኝ ነውና ጽሑፌ ቅደም ተከተሉን ቢያጣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ከዚያ በኋላ ስለ ሆነው ከእርሷ አፍ የሰማሁትን ልንገራችሁ። ኩላሊቷን ልትለግሰኝ ወስና ምርመራው ሲጀመር ሐኪሞቹ እኔን ከክፍሉ አስወጥተው እርሷን ለብቻዋ ጠየቋት፤ ያስገደደሽ አለ? ገንዘብ ወይም ንብረት ቃል ተገብቶልሻል? እስከ ቀዶ ሕክምናው ደጃፍ ድረስ ሐሳቧን መለወጥ እንደምትችል፣ ብትለውጥም ለእኔ «ለልገሳው ተስማሚ ሆና አልተገኘችም» ብለው ብቻ እንደሚነግሩኝና ምስጢሯን እንደሚጠብቁላት አስረዷት። እርሷም የዚያን ወጣት ጥያቄ ጠየቀች፤ ጆንያ ማንሣት ትችል እንደ ሆነ። እንደ ደላላው «ምን ችግር አለው» አላሏትም፤ ለጥቂት ሳምንታት ከባድ ነገር እንዳታነሣ፣ ጤነኛ ሰው በአንድ ኩላሊት መኖር እንደሚችል፣ ሆኖም ግፊቷንና ኩላሊቷን ዕድሜ ልኳን እንድትከታተል በዝርዝር ነገሯት። እነዚህ ሐኪሞች ስላዳኑኝ ብቻ አይደለም የማመሰግናቸው፤ እህቴን ከእኔም ጭምር ስለ ጠበቋት ነው።

ካገገምሁ በኋላ ከአባታችን ቤት የሚደርሰኝን ድርሻ በስሟ ላዛውር ብዬ ሽማግሌ ላክሁ። «ይህንማ ከተቀበልሁ ሸጥሁለት ማለት ነው» ብላ ሽማግሌዎቹን ቡና አጠጥታ መለሰቻቸው። የዕድራችን አባላት ተዘግቶ የከረመውን ሱቋን ኪራይና የአዲስ አበባ ስንቋን ለመሸፈን ሲነሡም አልቀበልም አለች። እዚህ ላይ ግን ሐኪሙ ረዳን፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው፣ የአካል ክፍል ንግድን የሚቃወመው ዓለም አቀፍ የኢስታንቡል መግለጫ እንኳ ለጋሹ በመለገሱ ያወጣውን ወጪና ያጣውን ገቢ መተካት ከሽያጭ እንደማይቆጥረው፣ ለጋሽ መክሰር እንደሌለበት ቢያስረዳት በግድ እሺ አለች። እንኳን ተቀበልሽልን፣ እህትዓለም። እኔ የምከፍልሽ እንደሌለኝ አውቄ ባለ ዕዳሽ ሆኜ መኖርን ተቀብያለሁ።

ለዕድራችን፣ ለሥራ ባልደረቦቼና ለተማሪዎቼ፣ በጎንደር ሳይሰለቹ ለረዱኝ ነርሶች፣ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ለጸለያችሁልኝ ጎረቤቶቼ በሙሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ስማችሁን ያልጠራሁ ውለታችሁን ረስቼ አይደለምና አትቀየሙኝ።

አንድ ሰው ቀርቷል። አንተ ወንድሜ፣ በዚያ ሻይ ቤት ወረቀትህን በሁለት እጅህ የሰጠኸኝ፤ ስምህን እንኳ ሳልጠይቅህ ተለያየን። ደላላውን ብጠይቀው አላውቅም አለኝ፤ ቅዳሜ ገበያም አውቶቡስ መናኸሪያም ፈልጌ አጣሁህ። ይቅርታ አድርግልኝ። ይህን መልእክት ያነበበልህ ሰው ካለ፣ ወረቀትህ ለሌላ ሰው ሳይሰጥ፣ እህቴ ሱቅ ና፤ ጆንያ የሚያነሣላት ሰው ትፈልጋለች፤ ደመወዙንም ከአሁኑ ተነጋግረንበታል።