ኮምቦልቻ የሌሊት በረራ ቢጀመር መንደርደሪያው መቼ ይጠገናል?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ለኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ የሌሊት በረራ ይጀመርለት የሚለው ሐሳብ በደሴም በኮምቦልቻም ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ይነሳል። ኢንዱስትሪ ፓርክና ደረቅ ወደብ ላላት ከተማ፣ ወደ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ለሚጓዝ ታማሚና ነጋዴ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም አልቃወመውም። ነገር ግን መብራት ይተከል፣ የምሽት በረራ ይምጣ ሲባል እንጂ መንደርደሪያው በየትኛው ሰዓት ይጠገናል ሲባል ሰምቼ ስለማላውቅ፣ በመንገድ ጥገና ሥራ ላይ እንደቆየ ሰው ጥቂት ልበል ብዬ ነው ይህን መጻፌ።

በውጭው ዓለም ከተማ የከበባቸው አንዳንድ አውሮፕላን ማረፊያዎች ሌሊት የበረራ ሰዓት እላፊ አለባቸው። ፍራንክፈርት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገሩ ሰዓት ከምሽቱ 5 እስከ ንጋቱ 11 ድረስ መደበኛ በረራ አያስተናግድም፤ ሲድኒም በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ከምሽቱ 5 እስከ ንጋቱ 12 ትከለክላለች። ዕገዳው የታወጀው ለነዋሪው እንቅልፍ ነው፤ አስፋልቱን ያሰበለት አልነበረም። ይሁንና ሳይታሰብ ከተጠቃሚዎቹ አንዱ የጥገና ክፍሉ ሆኗል። አውሮፕላን መሬት ሲነካ ሳይሽከረከር የነበረው ጎማ በቅጽበት ስለሚሾር፣ እየተፋቀ በአስፋልቱ ላይ ጥቁር ሽፋን ይተዋል፤ ይህ ሽፋን ሲወፍር መንደርደሪያው በዝናብ ያንሸራትታል። በከፍተኛ ግፊት ውሃ አጥቦ ለማንሳት፣ መብራት ለመቀየር፣ ስንጥቅ ለመሙላት ከበረራ ነጻ የሆነ ሰዓት ያስፈልጋል።

አየር መንገዶች በበኩላቸው ዋጋ ይከፍሉበታል። በረራው ወደ ማታና ወደ ማለዳ ይታጨቃል፤ የመዝጊያው ሰዓት የቀደመው አውሮፕላን ወይ ሌላ ከተማ ያርፋል፣ ወይ ሳይነሳ ያድራል። ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይምሰል። ማታ ሊነሳ የነበረ የአዲስ አበባ አውሮፕላን ፍራንክፈርት ላይ ካደረ፣ በማግስቱ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ላይ ዘመድ የሚጠብቁ የደሴ ቤተሰቦች ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ።

በፍራንክፈርትና በሲድኒ የሚገኘው የስድስትና የሰባት ሰዓት ክፍተት ለጥገና ብዙ ይመስላል፤ ሥራውን ለሚያውቅ ግን ጠባብ ነው። የመጨረሻው አውሮፕላን ከዘገየ የመጀመሪያው ሰዓት ከእሱ ጋር ይሄዳል። የመጨረሻው ሰዓት ደግሞ ለጠረጋና ለፍተሻ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ፓሪስ አቅራቢያ የወደቀው ኮንኮርድ ጎማው የፈነዳው ከሌላ አውሮፕላን ተገንጥሎ መንደርደሪያው ላይ በቀረ ቁራጭ ብረት ነውና፣ አንዲት ጠጠር ወይም ብሎን እንኳ ተረስታ ማደር የለባትም። አዲስ የአስፋልት ንጣፍ ከሆነ ሌላም ጣጣ አለ። የሌሊቱ ሥራ የቆመበት ቦታ በአሮጌውና በአዲሱ አስፋልት መካከል እርከን ስለሚፈጥር፣ በየንጋቱ ጊዜያዊ ተዳፋት ይሠራለታል። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ምክረ ሐሳብ መሠረት፣ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ለሚወፍር ንጣፍ የዚህ ተዳፋት ዝቅዝቃት ከ0.5 እስከ 1 በመቶ መሆን አለበት። 5 ሴንቲ ሜትር ለወፈረ ንጣፍ ይህ ከ5 እስከ 10 ሜትር የሚረዝም ሥራ ነው፤ በማግስቱ ሌሊት ይፋቅና እንደገና ይጀመራል።

በእኛ አካባቢ ደግሞ የአየሩ ጠባይ አለ። ትኩስ አስፋልት ከማምረቻው ሲወጣ ሙቀቱ 150 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ወደ 80 ዲግሪ ከወረደ በኋላ ሮለር ቢመላለስበትም እንደሚፈለገው አይጠቀጠቅም። በወሎ በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ስለሚከብድ፣ አስፋልት ለማንጠፍ የሚመቸው ከጥቅምት ወዲህ ያለው ደረቅ ወቅት ነው፤ የሌሊቱ ብርድ የሚጠናውም ያኔ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ትሞቃለች ቢባልም ከፍታዋ ከ1,800 ሜትር በላይ ነው። በኅዳር ሌሊት የተነጠፈ አስፋልት ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ መንደርደሪያውን በጊዜ ለመክፈት ያመቻል፤ ለሮለሩ የሚተርፈው ደቂቃ ግን በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ ሰዓት እላፊ ያላቸው አገሮች የሚያደርጉትን እንዳለ መገልበጥ ለእኛ አይበጅም።

በእኔ እምነት ነገሩን ገልብጦ ማየት ይሻላል። ወደ ኮምቦልቻ የምናውቃቸው መደበኛ በረራዎች የቀን ናቸው፤ ሌሊቱ ባዶ ነው፣ ጥሩ አስፋልት የሚነጠፍበት ሞቃት ቀን ግን በበረራ የተያዘ ነው። የመንደርደሪያ መብራቱና የማረፊያ መርጃ መሣሪያው ከተሟላ፣ በንጣፍ ሥራ ወራት በረራውን ወደ ምሽት አዙሮ እኩለ ቀኑን ለጥገና መተው ይቻላል። ምሽት አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ለአውሮፕላኑ መነሳትም ይመቻል። ማጠብና መብራት መቀየርን የመሰለው ቀላል ሥራ በሌሊት ይቀጥል።

ይህ ግን አስቀድሞ ካልተጻፈ አይሆንም። ቦሌ ሁለት ትይዩ መንደርደሪያዎች ስላሉት አንዱ ሲዘጋ ሌላው፣ ወረፋው ቢረዝምም፣ ይሠራል። ኮምቦልቻ ያለው አንድ ብቻ ነው። ለጥገና ተብሎ ያልተከለለ ሰዓት ደግሞ በትኬት ሽያጭ መያዙ አይቀርም፤ ከዚያ በኋላ ጥገናው በበረራዎች መካከል በሚገኝ ክፍተት ሊሠራ ነው ማለት ነው። የሚሠራበትና የሚበረርበት ሲቀላቀል ምን እንደሚደርስ በጥቅምት 2000 እ.ኤ.አ. ታይፔ ላይ ታይቷል፤ የሲንጋፖር አየር መንገድ አውሮፕላን በሌሊትና በከባድ ዝናብ፣ ለግንባታ ወደተዘጋ መንደርደሪያ ገብቶ ሊነሳ ሲል ከግንባታ መሣሪያዎች ጋር ተጋጭቶ 83 ሰዎች ሞተዋል።

የኮምቦልቻን ጥያቄ የሚመለከቱ ኃላፊዎች የመብራቱን ጨረታ ከማውጣታቸው በፊት፣ በየሳምንቱ ለጥገና የሚዘጋውን ሰዓትና ለንጣፍ የሚዘጋውን ወር ወስነው፣ አየር መንገዱም መርሐ ግብሩን በዚያው ልክ እንዲያወጣ ቢያደርጉ፣ ውሳኔውንም በጋዜጣችሁ በኩል ቢያሳውቁን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የመንገድ ጥገና ባለሙያ፣ ከደሴ