ደብዳቤ ለልጄ፦ ከመጨረሻው ገጽ ጀምሪ

ዓለሜ፣

እንኳን ተወለድሽልኝ። 20 ዓመት ሞላሽ! ሦስት መጻሕፍት ልኬልሻለሁ። ከመክፈትሽ በፊት ግን የምልሽ አለኝ።

ወንድምሽ ሁሉንም ነግሮኛል። አክስትሽ በልጅነቷ ያየችውን ስደት ስታወራ፣ «እኔ ያነበብኩት ላይ እንደዛ አይደለም» ብለሽ አቋረጥሻት አሉ። ያነበብሽውም ልብ ወለድ ነው። አንባቢ መሆንሽ ያኮራኛል። በዚህ ግን አዝኜብሻለሁ።

የደራሲውን ማስታወሻ ሳታነቢ ስለ ታሪክ አትከራከሪ። ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ናት፣ ሁለት ሦስት ገጽ። የቱን ከሰነድ እንዳገኘ፣ የቱን ከራሱ እንደፈጠረ እዚያ ይናገራል።

ልብ ወለዱን ተዪው አላልኩም። ናፖሊዮን በ1812 እ.ኤ.አ. ሩሲያን ሲወር ሩሲያዊው ደራሲ ቶልስቶይ አልተወለደም፤ የተወለደው በ1828 ነው። ስለዚያ ዘመን በጻፈው ልብ ወለድ፣ «ጦርነትና ሰላም» ውስጥ፣ ጄኔራል ኩቱዞቭ በእውን የነበረ ሰው ነው፣ ናታሻ ደግሞ የፈጠራት። ስታነቢ ግን ሁለቱም እኩል ይተነፍሳሉ። ደስታውም አደጋውም እሱ ነው። ስለዚህ አንድ ልብ ወለድ ከወደድሽ ስለዚያው ዘመን የታሪክ መጽሐፍ ጎን ለጎን ያዢ። ዋቢ መጻሕፍቱን አትዝለያቸው፤ እኔ ከምወዳቸው ብዙዎቹን ያገኘሁት ከዚያ ዝርዝር ነው። የታተመበትን ዓመትም እዪ። ስለ ጥንት የጻፈ ሰው የራሱን ዘመን ጭቅጭቅ ይዞ ይገባል።

በአንቺ ዕድሜ እኔም ያው ነበርኩ። አያትሽ ማታ ማታ ስለ ወጣትነታቸው ያወሩ ነበር። እኔ ደግሞ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ የመጨረሻ ገጾቹ የሌሉ አንድ መጽሐፍ ነበረኝ፣ ስለዚያው ጊዜ የሚያወራ። አንድ ማታ «አባባ፣ መጽሐፉ እኮ እንዲህ አይልም» አልኳቸው። ተቀብለውኝ ገለጥ ገለጥ አደረጉት። መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲህ መጽሐፉ ካለ» ብለው መለሱልኝ። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ጊዜ አንድም ቀን አላወሩኝም።

ከስንት ዓመት በኋላ ሙሉውን ቅጂ አገኘሁ። የተከራከርኩለት ሰውዬ ለካ ደራሲው የፈጠረው ነው። መጨረሻው ገጽ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። አያትሽ ያኔ አርፈው ነበር።

ጥንት ቻይና ውስጥ ሲማ ቺየን የሚባል የታሪክ ጸሐፊ ነበር። አባቱ ሊሞት ሲል እጁን ይዞ እያለቀሰ፣ የጀመርኩትን ታሪክ ፈጽምልኝ አለው። በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ተቆጥቶ ሲፈርድበት፣ መጽሐፉ እንዳይቀር ብሎ ከመሞት ይልቅ መሰለብን መረጠ። 130 ምዕራፍ ጻፈ። እዚህ ስደርስ ሁሌ መጽሐፉን እዘጋለሁ። አባቴ ከእኔ የፈለጉት መስማት ብቻ ነበር።

እደግመዋለሁ፣ ማስታወሻውን ሳታነቢ አትከራከሪ። አንብበሽም ቢሆን ከአክስትሽ ጋር አትከራከሪ።

ገጽ እያጠፍሽ ምልክት አታድርጊ፣ ወረቀት አስገቢበት። በደብዛዛ መብራት አታንብቢ፤ ዓይንሽ እኔን ነው የወጣው። የወንድምሽን መጽሐፍ መልሺለት። ከላክሁልሽ ቀጭኑን አስቀድሚ፣ እሱንም ከመጨረሻው ገጽ ጀምሪ።

ቅዳሜ አክስትሽ ዘንድ ሂጂ። ይቅርታ ጠይቂያት። ካቋረጥሽባት ቦታ እንድትቀጥልልሽ ለምኛት። ደብተር ያዢ፣ ቀኑን ከላይ ጻፊበት።

እናትሽ