ለአዳማ ከተማ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፦ አንድ ክፍል ስጡን

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ በድሮው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ያለን የአንድ እድር አባላትን ወክዬ ነው።

ባለፈው ወር ስብሰባችን ላይ አንዲት እናት በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። ሲፈቱት ፋኖስ ነው። በአንዱ ጎን አረንጓዴ፣ በሌላው ቀይ መስታወት አለው። ሟች ባለቤታቸው ሌሊት ለባቡር ምልክት የሚያሳዩበት ነበር። ቀዩ መስታወት ተሰንጥቋል። "እኔ ካለፍኩ ልጆቼ ለቆራሌው ይሰጡታል፤ እናንተ ያዙልኝ" አሉን። ተቀበልን። ግን የት እናስቀምጠው? የእድራችን ዕቃ ቤት በድንኳንና በብረት ድስት ጢም ብሏል።

ሽመንደፈር የምንለው መስመር ከጅቡቲ ተነስቶ 784 ኪሎ ሜትር አቋርጦ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ሰፈራችንን ሰፈር ያደረገው እሱ ነው። ከድሬዳዋም፣ ከአርሲም፣ ከጉራጌም የመጣው ሰው እዚህ ጎረቤት ሆነ፣ ተጋባ፣ እድር አቆመ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ የራሱ አዲስ ሀዲድና ጣቢያ አለው። ደስ ብሎናል። የእኛ ልጆች ግን አያታቸው የሠሩበትን ባቡር አያውቁትም።

የእድሩን አሮጌ መዝገብ ብታዩት ደስ ይለኛል። ከስሙ ጎን ሙያው ተጽፏል፦ ትኬት ቆራጭ፣ ፉርጎ ጫኝ፣ ሀዲድ ጠጋኝ። ከብዙዎቹ ስም አጠገብ ደግሞ በሌላ ቀለም የቀብር ቀን ተጨምሯል። የቀሩት ጥቂት ናቸው። በባቡር መስኮት ብርቱካንና የተቀቀለ እንቁላል ይሸጡ የነበሩ እናቶችም አሉን፤ ጠይቋቸው፣ ቀኑን ሙሉ ያወሯችኋል። ድምፃቸውን በስልካችን መቅዳት ጀምረናል።

የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብም እጅ ሊገኝ እንደሚችል፣ የያዘውም የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። እኛ ግዴታውን እሺ ብለናል። አደራ የሚቀበል ኮሚቴ መርጠናል፤ ጽዳቱም ጥበቃውም በእኛ። ከእናንተ የምንለምነው በጣቢያው አካባቢ አንድ ክፍል እንድታፈላልጉልንና ዕቃዎቹን የሚመዘግብ ባለሙያ እንድትልኩልን ነው። ክፍሉ የተቆለፈ ሙዚየም አይሆንም። ቡና ይፈላበታል፣ ሽማግሌዎች ይቀመጡበታል፣ ተማሪዎች ይጠይቁበታል።

የሚቀጥለው የእድር ስብሰባ የወሩ መጨረሻ እሁድ ጠዋት ነው። አንድ ሰው ላኩልን። ፋኖሱን አውጥተን እንጠብቃችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የእድሩ ጸሐፊ