ሶደሬ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?

ውድ አልማዝ፣

«ለጤናሽ እንደምን አለሽ» ብዬ ብጀምር እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ። ይህን ያህል ጠፍቼ ከርሜ እንደ ቀበሌ ማመልከቻ በሰላምታ ልመለስ? ይቅርታ ብያለሁ፤ የቀረውን ስንገናኝ ትሰድቢኛለሽ። እማማን ሳሚልኝ።

የጻፍኩልሽ ጉዳይ ስላለኝ ነው። ጉልበቴ አስቸግሮኛል። ሐኪሙ ራጁን አይቶ አንድ ኪሎ ብቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቴ ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል እንደሚቀል ነገረኝ። ስንት ኪሎ እንደሆንኩ ግን አልነግርሽም፤ አትጠይቂኝ። ከዚያ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከኝ።

ባለሙያዋ ልጅ እግር ናት። ኮሪደሩ ላይ ወዲያና ወዲህ አስኬደችኝና «እስቲ ቦርሳሽን ወንበሩ ላይ አስቀምጪው» አለችኝ። አስቀምጬ እንደገና ሄድኩ። «አሁንም እንደያዝሽው ነው» አለች። ዝቅ ብዬ ባይ ግራ ክንዴ ሆዴ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ቦርሳ የለም፣ ነጠላ የለም፤ ክንዴ ግን እየሸፈነ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ደብተሩን ይዞ እየሮጠ ትምህርት ቤት ይመላለስ ስለነበር፣ ዓለምን ሲያሸንፍም ግራ ክንዱ እንደታጠፈ ነበር። እሱስ ወርቅ አመጣበት!

ክንድ ካልተወዛወዘ እርምጃ ያጥራል፣ ወገብም ይገተራል አለችኝ። ወፍራም ሰው ሲራመድ እግሩን ሰፋ አድርጎ ይረግጣል፤ ሁለቱም እግሮቹ አብረው መሬት ላይ የሚቆዩበት ጊዜም ይረዝማል። ይህ እንዳይወድቅ አካሉ የሚያደርገው ነው፣ የክብደት ሥራ ነው። የእኔ ክንድ ግን ከክብደት ጋር ምን አገናኘው? እሱ የሰው ዓይን ሥራ ነው።

ከዚያ ወዲህ ራሴን መሰለል ጀመርኩ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ጠጋ በሉ» ሲል ትንፋሼን እውጣለሁ፤ ትንፋሽ በመዋጥ ዳሌ የሚጠብ ይመስል። ቤተ ክርስቲያን ከኋላዬ ሰው ካለ ለስግደት ጎንበስ ብዬ ብቻ እመለሳለሁ፤ ከኋላዬ ግድግዳ ከሆነ ግን ያው የታመመው ጉልበቴ መሬት ይነካል። ሰርግ ላይ እስክስታ የምወርደው ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነው። ትከሻዬ እንደ ድሮው ነው፣ በዚህስ አትጠራጠሪኝ።

የሚገርምሽ ክፉ የተናገረኝ የለም። «ተመችቶሻል» ነው የሚሉኝ፤ እኛ ዘንድ ይህ ምርቃት አይደል? የስፖርት ጫማ አድርጌ ስወጣ ግን እነዚያው ጎረቤቶቼ «በርቺ!» ይሉኛል። ያቺ «በርቺ» ከስድብ ትብሳለች። ቀጭን ሰው ዳቦ ሊገዛ ሲሄድ ማን በርታ ይለዋል? በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ እንደሚያስፈልግ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ደቂቃውን እችለዋለሁ። የሚያቅተኝ ከግቢዬ በር እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ነው።

እና… እንዴት ልበልሽ። ስልክሽን ያላነሳሁት አንቺ በቪዲዮ ካልሆነ ስለማትደውዪ ነው። ፊቴን እንድታዪው አልፈለግሁም። ይኸው ወጣልኝ፣ ሌላ ጊዜ እንዳታነሺብኝ።

አሁን ልጅቷ ውሃ ውስጥ እንድራመድ አዝዛኛለች። እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው እግሩ የሚሸከመው የክብደቱን ግማሽ ያህል ብቻ ነው፤ ከወገቡ በታች ያለው አካሉም ውሃ ውስጥ ስለሚሆን ማንም ለክቶ አያየውም። ሶደሬ ታሰበኝ። የዋና ልብስ ገዝቻለሁ፣ ከነፌስታሉ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። ውሃው አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ከልብስ መቀየሪያው እስከ ገንዳው ጠርዝ ያለው ነው፤ እዚያ ላይ ፎጣም ክንድም አይበቃኝም።

ስለዚህ አንቺ ታስፈልጊኛለሽ። አዳማ ለሶደሬ ቅርብ ነው ብለሽ ስትመጻደቂብኝ አልነበር? ስታወሪ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወደ አንቺ ይዞራል። እኔ ስወጣ አንቺ በወዲያኛው በኩል ሆነሽ እንደልማድሽ ጮክ ብለሽ ከአስተናጋጁ ጋር ስለ ሻይ ዋጋ ተከራከሪልኝ። እኔ እጄን እያወዛወዝኩ አልፋለሁ። እሺ፣ ላወዛውዝ እሞክራለሁ።

ቅዳሜና እሑድ ሰው ይበዛል፤ ማክሰኞ ቢሆን ይሻለኛል። ከሥራሽ ፈቃድ ጠይቂና ቁርጡን ጻፊልኝ፣ እንዳትደውዪ። ያንቺንም የዋና ልብስ ያዢ፤ እኔን ውሃ ውስጥ ከትተሽ ዳር ላይ ሻይ ስትጠጪ ላይሽ አልፈልግም።

ያንቺው
ብርቄ