እስክንድር ከፋርስ ልጅ አንደበት

ክቡር አዘጋጅ፣

የመጻሕፍት ዓምዳችሁ ስለ ታሪካዊ ልብ ወለድ ሲጽፍ ሜሪ ሬኖልትን እንዳይዘላት እለምናለሁ። በ1905 እ.ኤ.አ. ለንደን ተወልዳ፣ በነርስነት ሠልጥና፣ ከ1948 ጀምሮ ደቡብ አፍሪካ የኖረችና በ1983 ኬፕ ታውን ያረፈች ደራሲ ናት። የጥንቷን ግሪክ እንደ እርሷ አቅርቦ ያሳየኝ የለም።

በ1956 የታተመው «የወይኑ ጭላጭ» ከስፓርታ ጋር የተደረገው የፔሎፖኔዝ ጦርነት አቴናን ሲያደቅቃት የሚያሳየን በጦር አዛዦች በኩል አይደለም። ተራኪው ሲወለድ አባቱ ሊያጠፋው አስቦ የነበረ ወጣት ነው። ከተማዋ ተከባ ሰው በረሃብ ሲረግፍ ያነበብኩበትን ሌሊት አልረሳውም።

ይበልጥ የነካኝ ግን የ1972ቱ «የፋርሱ ልጅ» ነው። ታላቁን እስክንድርን የሚተርክልን ባጎዋስ የተባለ፣ ከተሸናፊው የፋርስ ንጉሥ ከዳርዮስ ቤት የመጣ ጃንደረባ ነው። የጥንት ጸሐፍት በጥቂት መስመር ያለፉትን ሰው ደራሲዋ ሙሉ መጽሐፍ አናገረችው! የእኛ የግዕዝ «ዜና እስክንድር» ንጉሡን ፈጣሪውን የሚፈራ ጻድቅ አድርጎ ስለሚያቀርበው፣ ሲጠጣና ሲቆጣ፣ ወዳጁን ቀብሮ ሲያብድ፣ በ32 ዓመቱ ባቢሎን ላይ ሲሞት ማየቱ ልብ ይሰብራል። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው ብዙ ያተርፋል።

ወደ አማርኛ የሚመልሳት ብርቱ ተርጓሚ ከተገኘ አንድ አደራ አለኝ፦ ስሞቹን ከእንግሊዝኛው አይገልብጥ። ሶቅራጥስ፣ አፍላጦን፣ እስክንድር ከአባቶቻችን መጻሕፍት በእጃችን አሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ