የቅዳሜ የታይ እራት፦ እስከ ሐሙስ ማታ መልሱልኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ማታ ሎስ አንጀለስ ታይ ታውን ሄደን እራት አብረን እንብላ። ቦታው ባለፈው የነገርኳችሁ ሆሊውድ ቡሌቫርድ ላይ ያለችው ትንሿ የታይ ምግብ ቤት ናት። ሰዓቱ በአሜሪካ አቆጣጠር ከምሽቱ 6፡30። ቤቷ ስምንት ጠረጴዛ ብቻ ስላላት ቁጥራችንን አስቀድሜ መንገር አለብኝ።

የምንሄደው ሁሉም ለሚያውቀው የታይ ኑድል፣ ለፓድ ታይ፣ አይደለም። የምግብ ቤቷ ባለቤት የኢሳን ሰው ናቸው፤ ኢሳን ከላኦስ ጋር የሚዋሰነው የታይላንድ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ሶም ታም (የፓፓያ ሰላጣ) ሲታዘዝ የሙቀጫው ድምፅ እስከ በር ይሰማል። ጥሬ ፓፓያ ከሎሚ፣ ከዓሣ ሶስና ሚጥሚጣን ከሚያስታውስ ቀይ ቃሪያ ጋር ይወቀጣል። ላርብ ደግሞ የተከተፈ ሥጋ ነው፤ ተቆልቶ የተፈጨ ሩዝ ይነሰነስበታል። ክትፎ የሚወድ ሰው ይህን ሳይቀምስ እንዲቀር አልፈልግም። ሩዙ የሚጣበቅ ነው፤ በእጅ እየጠቀለልን፣ ልክ እንደ ቤታችን፣ ከአንድ ሳህን እያጠቀስን እንበላለን።

ስታዙ «ፔት ማክ» በሉ፤ በጣም የሚያቃጥል ማለት ነው። ዝም ካላችሁ አለስልሰው ነው የሚያመጡት።

ሥጋና ዓሣ የማትበሉ፣ ኦቾሎኒ የማይስማማችሁ አሁኑኑ ንገሩኝ። የዓሣ ሶስ የማይገባበት ምግብ ጥቂት ነው፤ ለብቻ እንዲሠራላችሁ አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

ለአንድ ሰው 30 ዶላር ያህል ያዙ፤ በጥሬ ገንዘብ ቢሆን ሂሳቡን መካፈል ይቀላል። መኪና ማቆሚያ ችግር ነው። ተጋርታችሁ ኑ፣ ወይም በባቡር ሆሊውድ ዌስተርን ጣቢያ ውረዱ።

ስማችሁን፣ ስንት ሆናችሁ እንደምትመጡና መኪናችሁ ላይ ትርፍ ቦታ ካለ እዚሁ ጻፉልኝ።